ሳህኑን አዙሪላቸው

ባለፈው ሳምንት ማታ አምስት ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ስልኬ ላይ ሁለት መልእክት አገኘሁ። አንዱ እኔ ካለሁበት ከአሜሪካ፣ ከዚሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቤተክርስቲያን የምንተዋወቅ፣ ነርሲንግ የምትማር ልጅ ናት የላከችው። ሌላው ከደሴ ነው፤ እዚያ ነግቷል። የእህቴ ልጅ ናት፣ እሷም ነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው። ስትሮክ፣ የአንጎል የደም ስር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣው ሕመም፣ አንጎልን ምን ያደርገዋል?

የዚህችኛዋ «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ነው የማስገባው፣ መልሱን ብቻ ቢልኩልኝ» ትላለች። የደሴዋ ደግሞ «ጋሼ ሰላም ነህ? አሳይመንት ተሰጥቶን መጽሐፉ ወረፋ ሆነብን» ብላ ጀምራለች።

እኔ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ለዓመታት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። በተለይ ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣብኛል፣ ስጠየቅም ደስ ይለኛል። «መልሱን ብቻ» የምትለዋ ቃል ግን ታሳዝነኛለች። መልሱንማ ዛሬ ስልክ በሰከንድ ይሰጣል። ልጅቷን ግን አልፈርድባትም። ቅዳሜና እሁድ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ ነርሲንግ ሆም፣ ትሠራለች፣ በሥራ ቀን ትማራለች፣ በየወሩ አገር ቤት ገንዘብ ትልካለች። የቤት ሥራዋን የምትሠራው አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ደወልኩላት። «ነርሲንግ ሆም ስትሮክ የመታው ሰው አለ?» አልኳት።

«አንዲት ትልቅ ሴትዮ አሉ። ግራ እጅና እግራቸው አይሠራም።»

«ምግብ እንዴት ይበላሉ?»

«በቀኝ እጃቸው ራሳቸው ይበላሉ። ግን ሁልጊዜ ግማሹን ይተዉታል። ቶሎ ነው የሚጠግቡት።»

«የትኛውን ግማሽ?»

ዝም አለች። ቆይታ «በግራ በኩል ያለውን» አለችኝ።

«ቅዳሜ ስትሄጂ ሳህኑን አዙሪላቸው» አልኳት።

ቅዳሜ ማታ ደወለች። ድምጿ ሌላ ሆኗል። ሳህኑን ስታዞረው ሴትዮዋ ምግብ እንደገና የቀረበላቸው መስሏቸው አመስግነው ጨርሰው በሉ። ዓመት ሙሉ ጠግበው የመሰላት፣ ለካ አንጎላቸው ግራ የሚባል ጎን መኖሩን አያውቅም ኖሯል። ዓይናቸው ጤነኛ ነው። የተጎዳው በቀኝ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ነው፤ እሱ ሲጎዳ ሰው የግራውን ዓለም ይተወዋል። የፊቱን አንድ ጎን ብቻ ተላጭቶ የሚወጣ፣ የገዛ ግራ እጁን «ይሄ የኔ አይደለም» የሚል ታካሚ አይቻለሁ። ግራው አንጎል ሲመታ ደግሞ ቀኝ አካል ይሰንፋል፣ ብዙ ጊዜም ንግግር ይሄዳል። ፖል ብሮካ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1861 እ.ኤ.አ. ንግግርን የሚያዘውን የአንጎል ቦታ ያወቀው «ታን» ከምትል አንዲት ድምፅ በቀር መናገር የማይችል ሰው ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ነው። ሰውየው የሚሉትን ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ቃል ማውጣት ብቻ አይችልም። እንዲህ ያለውን ሰው «አእምሮውን ስቷል» ብለው ፊቱ የሚያወሩ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ይሰማችኋል።

ነገሩ ሁሉ የሚመጣው አንጎል ስንቅ ስለማያስቀምጥ ነው። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። አንድ ትልቅ የደም ስር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሴሎች እንደሚሞቱ ተገምቷል። እዚህ አገር ለዚህ ነው ሁሉም የሚሮጠው። አምቡላንሱ ገና መንገድ ላይ ሆኖ ሆስፒታሉን ያስጠነቅቃል፤ በሽተኛው ከበር በቀጥታ የአንጎልን ውስጥ ወደሚያሳየው ማሽን፣ ወደ ሲቲ ስካን ይገባል። የደም ስር ተዘግቶም ይሁን ፈንድቶ ደም ፈሶ፣ ከውጭ ሲታይ አንድ ስለሆነ መጀመሪያ መለየት አለበት። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት እዚህ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል፣ ግን ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ደም ለሚፈሰው ሰው ቢሰጡት ሊገድለው ይችላል።

ይህን ሁሉ አይቼ አገሬን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ወሎ ገጠር ያለ ሰው በ4 ሰዓት ተኩል ሲቲ ስካን ያለበት ቦታ መድረሱ ራሱ ስንት ነገር ይፈልጋል። እዚህ ግን ያ ሁሉ ማሽን ተገዝቶ፣ የሴትዮዋን ሳህን የሚያዞር ሰው ጠፍቶ ከረመ። ልጆቻቸው የሚመጡት በዓል ሲሆን ነው። አገር ቤት አልጋው ዙሪያ ልጅ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ አጥሚት ይዞ የመጣ የዕድር ሰው አለ። አስታማሚ ሞልቷል። ለአስታማሚው የነገረው ሰው ነው የሌለው።

የእህቴ ልጅ የጻፈችውን ልካልኝ አየሁት። ዓይነቱ፣ መንስኤው፣ ምልክቱ፣ አንድ ሳይቀር ተዘርዝሯል። መምህሯ ሙሉ ነጥብ የሚሰጣት ይመስለኛል። አንድ ነገር ጠየቅኳት። «አስታማሚዋ ውሃ ልስጠው ወይ ብትልሽ ምን ትያታለሽ?» አላሰበችበትም።

ያኔ የአያቷን ነገር ነገርኳት። አባቴ አንድ ጠዋት ሲነሳ አፉ ተጣሞ፣ ቀኝ እጁ ዝሎ ነበር። የደም ግፊት ክኒኑን «ደህና ነኝ፣ ራሴን አያመኝም» ብሎ ካቆመ ወራት አልፎታል። ምች ነው ተባለ። ጎረቤት ዳማከሴ ጨምቆ አመጣ፣ በቡና አድርገው አጠጡት። ትን አለው። ፀበል አመጡ፣ ትን አለው። ከሦስት ቀን በኋላ ትኩሳት ጀመረው፣ ሳምንትም አልቆየ። እኔ ነገሩ የገባኝ እዚህ መጥቼ ስማር ነው። ስትሮክ የመዋጥን ጡንቻ የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ውሃው በምግብ ቧንቧ ፋንታ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ይሆናል። ስለዚህ እኛ ክፍል መዋጥ መቻሉ ሳይታይ ለበሽተኛው ክኒን እንኳ በአፉ አይሰጥም። አባቴን ያጠጡት ሰዎች ከኔ በላይ የሚወዱት ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለው ነው ያደሩት። አንድ ነርስ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ በአፉ ምንም አታድርጉ ብትላቸው ኖሮ አንዲት ጠብታ አይሰጡትም ነበር።

እምነት ያለው ሰው ፀበሉን ይረጭ፣ ጸሎቱንም ያድርስ። አፉ ሲጣመም፣ ክንዱ ሲወድቅ፣ ንግግሩ ሲኮላተፍ ግን መጀመሪያ ሐኪም ቤት ነው፣ አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

የእህቴ ልጅ ብዙ ሰዓት ዝም ብላ ቆየች። ሰው ስታጽናና የምትጽፈውን ነገር አልጻፈችልኝም። በማግስቱ አንድ ገጽ ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አሳይመንቱ አይደለም። ለልምምድ የምትሄድበት ክፍል ላሉ አስታማሚዎች በአማርኛ፣ በእጇ የጻፈችው ነው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አለበት፣ የሰነፈውን ክንድ ይዞ አለመጎተት አለበት፣ የግፊት መድኃኒት አለማቋረጥ አለበት። የመጀመሪያው መስመር ግን ተሰርዞ ተሰርዞ ባዶ ቀርቷል።

«ጋሼ» ትላለች ከሥሩ፣ «የመዋጥ ችግር ብዬ ስጽፍ አይገባቸውም። ትን ካለው አቁሙ ብዬ ልጻፈው?»

«ትን ከማለቱ በፊት ነርስ ትየው በይ» አልኳት። «ግን ‹ትን› የምትለዋን ቃል አትሰርዣት።»