ለኮን ውድድር ከፈረስ ጉልበት ይልቅ ቅለት

ስለ ጀማሪ ውድድር መኪና የወጣው ጽሑፍ «ለአውቶክሮስ ጀማሪ በትንሽ ብር ብዙ ጉልበት ያለው አሮጌ ፎርድ ሙስታንግ ይሻለዋል» ማለቱ ጨርሶ አልተዋጠልኝም። አውቶክሮስ ባዶ ፓርኪንግ ላይ በተደረደሩ ኮኖች መሃል በሰዓት እየተለካ የሚነዳበት ውድድር ነው፤ አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛ ማርሽ እንኳ አትወጣም። ታዲያ ያ ሁሉ ጉልበት የት ሊፈስ ነው? እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምወዳደርባት እ.ኤ.አ. የ1994 ማዝዳ ሚያታ፣ ትንሿ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና፣ 1.8 ሊትር ሞተር፣ አንድ ቶን ገደማ ክብደት ነው ያላት፤ ቀላል ስለሆነች ጎማና ፍሬን አትጨርስም፣ መሪውን ስታዞር ወዲያው ትታዘዛለች። ከላይ በአስተያየትህ «የ1990ዋን ሚያታ ግዙ፣ እሷ ርካሽ ናት» ላልከው ወንድሜ፦ የ1990ና የ1991 መጀመሪያ 1.6 ሊትር ሞተሮች የክራንክ ሻፍታቸው (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ፑሌጃው የሚታሰርበት ጫፍ፣ አጭር ነው፤ የፊት ፑሌጃው ቡሎን ከላላ ክራንኩን ራሱን ይበላዋል፣ ጥገናውም ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስትገዙ ደግሞ ቀለሟ አያታልላችሁ። ተንበርክካችሁ ከበሩ ሥር፣ ከኋላ ጎማ ፊት ያለውን ላሜራ በጣት ጫን ጫን አድርጉት፤ ዝገቱ ከውስጥ ነው የሚጀምረው። እኔ የመጀመሪያዋን ሳላይ ገዝቼ ለብየዳ ብቻ አንድ ሙሉ ክረምት ቆማብኛለች። የተረፈውን ብር ጥሩ ባለ 200 ትሬድዌር ጎማ ላይ አውሉት (ትሬድዌር በጎማው ጎን የተጻፈ የመልበስ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ጎማው በአብዛኛው ቶሎ ያልቃል ግን የተሻለ ይይዛል)።