እና?

የዘንድሮው የካራማራ ድል መታሰቢያ በሰላም ተከብሮ ውሏል። እንኳን ደስ ያላችሁ! ቡፌውም ጥሩ ነበር አሉ። የክብር እንግዳው ሁለት ሰዓት ያህል አርፍደዋል፤ ግን ማን ይቀየማል? ምሽግ ውስጥ ያደረ ሰው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ለዚህ ነው እኮ ጀግና የምንለው።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ዘንድሮ ባነር የለም። በስክሪን ተተክቷል።

ጎረቤቴን ላስተዋውቃችሁ፤ ነገሩ ያኔ ይገባችኋል። ማዕረጋቸው ሃምሳ አለቃ ነው። ሰፈሩ ግን በራሱ ሥልጣን «ሻምበል» ብሎ ካሳደጋቸው ቆይቷል። ደመወዝ የሌለው ሹመት ስለሆነ የተቃወመ የለም። በ1970 ካራማራ ላይ ተዋግተው ጅጅጋን ከሶማሊያ ጦር ካስለቀቁት አንዱ ናቸው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ካፖርት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ ዘበኛ ሆኑ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ ካፖርቱም አብሮ ጡረታ ወጥቷል።

ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት በዓሉ ላይ ፎቷቸው በትልቅ ባነር ወጣ። ከነሜዳሊያቸው። ሥሩ ላይ «ጀግኖቻችንን ለዘላለም እናከብራለን» ይላል። በዓሉ ሲያልቅ ባነሩ ሊጣል ሆነ። የአዳራሹ ዘበኛ ለሙያ ባልደረባው አዝኖ ጠቅልሎ ሰጣቸው።

ይህ ነው እንግዲህ በጀት ለተጠቃሚው ሲደርስ! የሻምበል ቆርቆሮ ያፈስ ነበር። ባነሩን ኮርኒስ አደረጉት። ፊቱን ወደ ውስጥ። አሁን አልጋቸው ላይ ሲጋደሙ ከራሳቸው የሚበልጥ የራሳቸው ፊት ቁልቁል ያያቸዋል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው የሚጠራቀመው ጉንጫቸው ላይ ነው። ስለዚህ ክረምት ክረምት ይወፍራሉ። ጉንጩ በጣም ሲነፋ በከዘራቸው ገፋ ያደርጉታል፤ ውሃው በጠርዙ ዞሮ ባልዲ ውስጥ ይወርዳል። በሌሊት ተነስተው የገዛ ፊታቸውን በዱላ ሲነኩ አይቻለሁ። አሁን ማን አገር ነው ለዘማቹ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጠው?

ችግሩ ክፍሏ ጠባብ ናት። ባነሩ አልበቃ ብሎ ተቆረጠ። መቀሱ ያረፈው መጨረሻው ቃል መሃል ላይ ነው። «ጀግኖቻችንን ለዘላለም እና» ይላል አሁን። ትራፊው «ከብራለን» የጎረቤት ዶሮ ቤት ላይ ነው፤ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። ሻምበል በየማታው ተጋድመው ቀና ይሉና ያነቡታል።

«እና?» ይላሉ። እስካሁን መልስ የሰጣቸው የለም።

ዘንድሮ ሲጋበዙ ደስ ብሏቸው ነበር። ስለ ትራንስፖርት አበል አልጠየቁም። «ባነሩ በስንት ሜትር ነው?» አሉ። ማድ ቤቱም ያፈሳላ! ሄደው ስክሪን አገኙ። ፊታቸው መጣ፣ አበራ፣ ጠፋ። ቀጥሎ የአዘጋጁ ኮሚቴ ፎቶ ወጣ፤ እሱ ግን ቆየ።

ኮሪያዎች ይህ ጥበብ የላቸውም። ከ1943 ጀምሮ የእኛው የቃኘው ሻለቃ ልጆች ሄደው ተዋጉላቸው፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞቱላቸው። በቃ፣ ቹንቾን ከተማቸው ላይ ያቆሙት መታሰቢያ ይበቃ ነበር። እነሱ ግን አልገባቸውም። እዚህ ድረስ መጥተው ለሽማግሌዎቹ ድጎማ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ስኮላርሺፕ ይላሉ። ክብርን በገንዘብ! ትንሽ አያፍሩም?

ቆይ፣ አሁን ቀልዱን ልተወው። የሻምበል ጉልበት ውስጥ እስከዛሬ ፍንጣሪ አለ። ብርድ ሲሆን ሌሊቱን ሲያቃስቱ በግድግዳው ይሰማኛል። ሐኪም ቤት ሄደው «መድኃኒቱ የለም፣ ውጪ ግዙ» ተባሉ። ዋጋው የወር ጡረታቸውን ይበላል። የአንድ ጠዋት የአበባ፣ የድንኳንና የምሳ ሒሳብ እኮ ለስንት ጉልበት ማስታገሻ ይገዛ ነበር! ይህን የሚያጸድቅ ሰው ማታ እንዴት ይተኛል? እሱ ቤት የሚያፈስ ነገር የለም መሰለኝ።

ይቅርታ። ስለ በዓሉ ነበር የማወራው።

የምስክር ወረቀት አሰጣጡ ያማረ ነበር። ሻምበል ስማቸው ተጠርቶ ደረጃውን እያነከሱ ወጡ። ለፎቶ እንዲመች ሁለት ጊዜ እንዲቀበሉ ተደረገ። ማታ ሊያሳዩኝ አመጡት። ሦስተኛቸው ነው። ያለፉት ወረቀት ነበሩ፤ የዘንድሮው ላሚኔት ተደርጓል። ሻምበል ገልበጥ አድርገው አዩት። ጠርዙን በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና ወደ ማድ ቤቱ ጣሪያ ቀና አሉ።

«ለአንዱ ቀዳዳ ይሆናል» አሉኝ።