ወደ ባሌ ተራራ ማን አባረራቸው?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀደምት ሰፈራ ነገር ተነስቶ አንድ ተናጋሪ የሰው ልጅ ወደ ውርጭ የሚወጣው በጉልበተኛ ሲሸነፍ ብቻ ነው፣ ደጋም የተባራሪ አገር ነው ብለው አረፉት። አወያዩም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን ያበሳጨችኝ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት።

ባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንጫ ሐበራ የሚባል የድንጋይ መጠለያ አለ፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,470 ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት እንደሚለው ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እየተመላለሱ ኖረውበታል። ዘመኑ የበረዶ ዘመን ነው። ከላይ ሳኔቲ በሚባለው የተራራው አምባ የበረዶ ግግር ተጋድሟል፣ ከታች ቆላው ደርቋል። ውሃው ከየት ይምጣ? ከሚቀልጠው ግግር ነዋ! ምግቡስ? ከባሌ ውጭ የማይገኘው፣ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ግዙፍ ፍልፈል። ዛሬም የቀይ ቀበሮ ዋና ቀለብ እርሱ ነው። በመጠለያው ከተገኘው አጥንት አብዛኛው የእርሱ ሲሆን እሳት የነካውም አለበት። የመቁረጫው ስለት ደግሞ ባልጩት፣ መስታወት የመሰለው ድንጋይ ነው፤ የሚነሳውም ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ስፍራ። ውሃ፣ ሥጋና ስለት በአንድ ተራራ ላይ! ይህን ሽንፈት የሚል ሰው ለቤቱ አስቤዛ ገዝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ፉክክር ፈጽሞ የለም አላልኩም። እዚያ መጠለያ ግን የቦታ ተፎካካሪ ነበር ከተባለ ጅብ ነው፤ ዐይነ ምድሩን ትቶ ሄዷል። ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ስቱዲዮ ገብተው ታሪክ አንጥፉልኝ አሉ።

ኑሮን ከቦታው ጋር ማስማማት የባሌ ብቻ አይደለም፤ መተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር የነበሩትም ከ74,000 ዓመት በፊት ድርቁ ሲጠናባቸው፣ ወንዙ በኩሬ በኩሬ ሲቆራረጥ፣ ያደረጉት ዓሣ ማጥመዱን ማብዛት ነው።

የጥንቱን ሁሉ አሸናፊና ተሸናፊ ብለው የሚከፍሉ ሰዎች ዓይናቸው ያለው በዛሬው የመሬት ሙግት ላይ ነው። 47,000 ዓመት የቆየ አመድ ግን የማንም የይዞታ ካርታ አይሆንም።

ደግሞስ የትኛው ተባራሪ ነው ከመሸሸጊያው ወጥቶ ሌላ አቀበት ሽቅብ የሚወጣ፣ ባልጩት መርጦ ተሸክሞ የሚወርድ፣ ፍልፈሉ እስኪበስል እሳት ዳር ተቀምጦ ስለት የሚጠርብ? ያ አባራሪ የተባለውስ፣ በ16,000 ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ ዱካውን ሳይጥል እንዴት ቀረ?