ክርክር፦ ለማናውቀው ውሻ እጅ እንዘርጋ?

አሰልጣኝ፦ ይዘርጋ፤ ቁም ነገሩ አዘራረጉ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱ ይጠየቅ። ከዚያ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው በጎን ይቁሙ፤ አያፍጡበት። ሲጠጋ ጣትዎን አጥፈው የእጅዎን ጀርባ ከጭንዎ አጠገብ ዝቅ ያድርጉለት። ሳያሸት የተዳሰሰ ውሻ ይደነግጣል።

የእንስሳት ሐኪም፦ ለማሽተት እኮ እጅዎ አያስፈልገውም፤ እዚያው ቆመው ሽታዎ ይደርሰዋል። ፈሪ ውሻ አፍንጫው ሥር እጅ ሲመጣበት ማፈግፈግ ይፈልጋል። የታሰረ ከሆነ ደግሞ ማፈግፈጊያ የለውም፤ የሚቀረው መንከስ ነው። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ የግቢ ውሻ ጋ፣ ባለቤቱ «አይናከስም» ቢልዎትም፣ ሰንሰለቱ ከሚደርስበት ውጭ ይቁሙ።

አሰልጣኝ፦ የታሰረውን እንተወው። ከባለቤቱ ጋር ለቆመ ውሻ ግን ቁጢጥ ብሎ ቁመትን መቀነስና እጅን ማቅረብ ያረጋጋዋል፤ የሚያስፈራው ከላይ ማጎንበስ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ ቁጢጥ ማለት? አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር ውሻ ፊት ጎንበስ ይበሉ፤ ድንጋይ የሚያነሱ መስሎት ወይ ይፈረጥጣል ወይ ይጮህብዎታል። ቁጢጥ ያለ ሰው ፊት ደግሞ ከውሻው አፍ ትይዩ ነው። ልጅማ በፍጹም!

አሰልጣኝ፦ የድንጋዩ ነገር እውነት ነው፤ እኔ የማወራው ግን ስለ ቤት ውሻ ነው። ሰውነቱን አላልቶ ከተጠጋ ደረቱን ወይም ትከሻውን ሦስት ሰከንድ ያህል አሻሽተው እጅዎን ያንሱ። ተመልሶ ከተጠጋ ይቀጥሉ፤ ፊቱን ካዞረ ይተዉት። አናቱን አይንኩ፤ ከዓይኑ በላይ የሚመጣ እጅ ያስበረግገዋል።

የእንስሳት ሐኪም፦ ጭራውን ቆላ ብለው ግን እንዳይታለሉ። ሰውነቱ ደርቆ፣ ጭራው ወደ ላይ ተቀስሮ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ሊነክስ ይችላል። ምግብ ሳያይ ከንፈሩን መላስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ማዛጋት፣ የዓይኑን ነጭ ማሳየት «ተወኝ» ነው። ማጉረምረሙንም አይቆጡት፤ ማጉረምረም የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል። ሌላም አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከመታየቱ ከቀናት በፊት ምራቁ ውስጥ ይገኛል። የዘረጉት እጅ ጭረት ካለበት መላሱም ይበቃል። ወዲያው 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ታጥቦ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

አሰልጣኝ፦ እንግዲያው የክትባት ካርዱ ይጠየቅ እንጂ እጅ ለምን ይከለከላል?

የእንስሳት ሐኪም፦ ካርዱ ስለ በሽታው እንጂ ስለ ፍርሃቱ አይናገርም። እጅዎ ከጎንዎ ይሁን፤ ከፈለገ ይምጣ።