ማስተካከያ፦ አፍረን ቀሎ የድሬዳዋ ባንድ ነው

ለገጣፎ ታክሲ ተራው ጋ የተለጠፈው የሙዚቃ ምሽት ማስታወቂያ «የአዳማው ዓሊ ቢራ» እና «የአዲስ አበባው አፍረን ቀሎ» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

ዓሊ ቢራ የድሬዳዋ ልጅ ነው። አዳማ በ2015 ዓ.ም. ያረፈባት ከተማ ናት። አፍረን ቀሎም የተመሠረተው እዚያው ድሬ፣ በ1950ዎቹ ነው። በኦሮምኛ መዝፈን እንደ ልብ በማይቻልበት ዘመን ወጣቶቹ ሰርግ ቤት ሳይቀር እየዞሩ ዘፈኑ። ያ ቀላል ድፍረት አይደለም! ኋላ ባንዱ ታገደ። ዓሊ አዲስ አበባ ገብቶ በንጉሡ ጠባቂ ጦር በክብር ዘበኛ ባንድ የዘፈነው ከዚያ ወዲህ ነው። ታዲያ የድሬን ልፋት ለአዲስ አበባ መስጠት ደግ አይደለም።

አዘጋጆቹ እባካችሁ ወረቀቱን ቀይሩት። የምሽቱ ሰዓትና ቦታ እንዳለ ነው።