ሰዓትና ጎረቤት ያጣው ስፖርት

ደሴ ተወልጄ አድጌ ኑሮዬን ለንደን ካደረግሁ በኋላ፣ ቤተሰብ ለመጠየቅ በተመላለስኩ ቁጥር የማያስተኛኝ አንድ ጉዳይ አለ። በሁለቱም ከተሞች የማውቃቸው፣ በተለይም ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ሰዎች፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ተገኝቶባቸው ሐኪም «እንቅስቃሴ አድርጉ» ብሏቸዋል፤ አብዛኞቹም ጀምረው ትተውታል። ለምን ብለው ሲጠየቁ መልሳቸው «ሰነፍኩ» ወይም «ፍላጎቱ የለኝም» የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። ሌሊቱን ሙሉ ቢሮ ሲያጸዳ የሚያድር ስደተኛም ሆነ፣ ከንጋት ጀምሮ ስትጋግር፣ ስታጥብና እንግዳ ስታስተናግድ የምትውል የደሴ እናት ሰነፍ ሊባሉ አይችሉም። የጎደላቸው ሌላ ነገር ነው፤ ለንደን ላይ የጎደለው ደግሞ ደሴ ላይ ከጎደለው ይለያል።

ለንደን ውስጥ ስለ ስፖርት የሚመክር ሞልቷል፤ ጂምም በየሰፈሩ አለ። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ማግስት ይጨናነቃል፣ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ይሳሳል። የአገሬ ልጆች አብዛኞቹ በፈረቃ ስለሚሠሩ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ይገባሉ፤ እንቅልፋቸውና ምግባቸው ሰዓት በሌለው ኑሮ ውስጥ ለስፖርት የተወሰነ ሰዓት ማግኘት ይቸግራቸዋል። ቤት ውስጥ እንሥራ ቢሉም ክፍሉ ጠባብ፣ ወለሉ ስስ ነው፤ ገመድ ሲዘለል የታችኛው ፎቅ ጎረቤት አቤቱታ ያቀርባል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ብቸኝነቱ ነው። ሠራህ አልሠራህ ብሎ የሚጠይቅ፣ «ዛሬ ምነው ቀረህ?» የሚል ሰው የለም፤ የራስን ወኔ በየቀኑ ከባዶ ማንሳት ደግሞ ማንንም ያደክማል።

እዚያው አገር በአንድ ወቅት ያየሁት ነገር ይህን እምነቴን አጠንክሮልኛል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት እንግሊዝ በሯን ስትዘጋ፣ ጆ ዊክስ የሚባል የስፖርት አሰልጣኝ ከገዛ ሳሎኑ ሆኖ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በዩቲዩብ ቀጥታ ያሠራ ጀመር። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች በአንድ ጊዜ ተከታተለው። እንቅስቃሴዎቹ ማንም የሚያውቃቸው መዝለል፣ ቁጭ ብድግና የመሳሰሉት ነበሩ፤ የስፖርት ቪዲዮም ከዚያ በፊት በኢንተርኔት ላይ ሞልቶ ነበር። አዲሱ ነገር ሰዓቱ የማይዛነፍ መሆኑና፣ በየቤቱ ያለው ሰው ሌላውም በዚያች ደቂቃ አብሮት እየሠራ መሆኑን ማወቁ ነበር። ሰው ከሳሎኑ ሳይወጣ ጓደኛ አገኘ።

ወደ ደሴ ስመጣ መልኩ ይለወጣል። እዚህ ጓደኛና ጎረቤት አይታጣም፤ እንቅፋቱ ይሉኝታ ነው። አንዲት የሃምሳ ዓመት ሴት የስፖርት ጫማ አድርጋ ከሰፈሯ ብትወጣ መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል፤ ለባሏም ለልጆቿም ወሬው ይደርሳል። ደልደል ያለ ሰው «ተመችቶታል» ይባላል፤ ሐኪም ባዘዘው መሠረት ክብደት የቀነሰ ሰው ደግሞ «ምነው ከሱ? አመመዎት እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይዘንብበታል። ድርቅና ረኀብ ደጋግሞ በጎበኘው አገር መክሳት ለምን እንደሚያስደነግጥ ይገባኛል። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ያየ ትውልድ ቀጭን ሰው ሲያይ ቢሰጋ ማን ይፈርድበታል? ሆኖም ያ ፍርሃት ዛሬ ስኳር ያለባትን እናት ቤቷ አስቀምጦ ሲያስቀራት ዝም ብሎ ማየት አልችልም።

ገጠሩን ከዚህ ውጭ አድርጌ ነው የምናገረው። ባቲ ሰኞ ገበያ ሸክሟን ይዛ በእግሯ የምትወርድ ሴት፣ ውሃ ከምንጭ የምትቀዳና እንጨት የምትለቅም ሴት ስፖርት ሥሪ ብትባል ስድብ ይሆንባታል። ችግሩ ያለው ከተማ ገብቶ እግሩን የተወው ላይ ነው። በእኔ ልጅነት ከደሴ ፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው በእግሩ ይመላለስ ነበር፤ ዛሬ ለዚያች መንገድም ባጃጅ ይጠበቃል። የባጃጅ ነጂዎቹን ሳይ ደግሞ ጄሪ ሞሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙት ጥናት ትዝ ይለኛል። የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች ሲያነጻጽሩ፣ ቀኑን ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ በየቀኑ ከ500 እስከ 750 ደረጃ የሚወጡት ቲኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚያዙት ባነሰ ቁጥር እንደሆነ አገኙ። ከዚያ ወዲህ በሕክምናው ዓለም መቀመጥ ራሱ እንደ አደጋ ሲጠና ኖሯል። ባጃጅ ደግሞ ረዳት እንኳ የላትም፤ ነጂው ከጠዋት እስከ ማታ ከመሪው አይነሳም።

አሁን አክስቴ ዘንድ ያየሁትን ላንሳ። ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል፤ ሐኪማቸው «በእግርዎ ይሂዱ» ብሏቸዋል፤ እርሳቸው ግን የደሴን ዳገት ጉልበታቸው አይችለውም፤ በክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉምና ጭቃው ደግሞ ጨርሶ አያስወጣም። የነርስነት ትምህርት የምትማር ልጃቸው ናት መላውን ያመጣችው። በዚያ ግቢ ቡና በየቀኑ ከቀትር በኋላ ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ዱአ ይደረጋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣል። ጀበናው ተጥዶ አቦሉ እስኪፈላ ድረስ ያለውን ጊዜ ልጅቱ ለስፖርት አደረገችው። አክስቴ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ወንበሩን ሳይደገፉ ቀስ ብለው ይነሳሉ፤ ቀስ ብለውም ይቀመጣሉ። አሥር ጊዜ ይህን ካደረጉ በኋላ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ግድግዳውን በሁለት መዳፋቸው እየገፉ ይመለሳሉ። ቶናው ሲጠጣ ያርፋሉ፤ በረካው ሲደርስ በውሃ የተሞሉ ሁለት ትንንሽ የሃይላንድ ጠርሙሶች ይዘው ክንዳቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። መጀመሪያ ጎረቤቶቻቸው ሳቁ፤ ቆይቶ አንዷ ተነሳች፣ ሌላዋም ተከተለች። አሁን አክስቴ ቢደክማቸው እንኳ «ዛሬ አልነሳም» ለማለት ጎረቤቶቻቸውን ያፍራሉ፤ ቀድሞ ከመንገድ ያስቀራቸው ይሉኝታ አሁን ከወንበሩ የሚያስነሳቸው ሆኗል።

ይህ እንደ ጨዋታ እንዳይታይብኝ እፈልጋለሁ። የጭን ጡንቻዎች በሰውነታችን ካሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ ሲሠሩ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳሉ፣ ይህም እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላ ለሰዓታት ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። እንቅስቃሴ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ካልቆየ አይቆጠርም የሚለው የቀድሞ አስተያየትም በዚሁ መመሪያ ቀርቷል። ስለዚህ አቦሉ እስኪፈላ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ከሒሳቡ ትገባለች።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመዴ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ለንደን ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ አትልም፣ ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በጠዋት ወደ ጦሳ ሽቅብ ልሩጥ ማለት ልብን ማስጨነቅ ነው። ጾመኛም ሰዓቱን ያስተካክል፤ በረመዳንም በዓቢይ ጾምም ቀለል ያለውን እንቅስቃሴ ወደ ማፍጠሪያው ወይም ወደ መግደፊያው ሰዓት ማስጠጋት ይቻላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ሳያማክር በባዶ ሆዱ መሥራት የለበትም፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላልና።

«ፍላጎቱ ሲመጣ እጀምራለሁ» ለሚሉትም የምለው አለኝ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲይዙ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት እንዳሳዩት፣ አንድ ነገር ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ይፈጃል፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው 254 ቀን ይደርሳል ተብሎ ተገምቷል። ተሳታፊዎቹ የመረጡት ነገር በዕለት ኑሯቸው ካለ አንድ ድርጊት ጋር፣ ለምሳሌ ከቁርስ ወይም ከምሳ ጋር፣ የተያያዘ ነበር። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን እንዳላፈረሰው ታይቷል። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ለቅሶ ወይም ሠርግ ገብቶ ሁለት ቀን ሲያቋርጥ «አበቃልኝ» ብሎ ጭራሹን ያቆማል። ማግስቱን ከቡናው ጋር መቀጠል ነው እንጂ የጠፋውን ቀን መቁጠር አያስፈልግም።

ስለ ቤት ውስጥ ስፖርት ስናገር ከሐሳቤ የማይወጡት በሪያድ፣ በጅዳና በቤሩት በሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ እኅቶቻችን ናቸው። ብዙዎቹ ከአሠሪያቸው ግቢ መውጣት አይፈቀድላቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ሲያጸዱ ውለው ወገባቸውና ትከሻቸው ይታመማል። ለእነርሱ ተጨማሪ ድካም አልመክርም። ከመኝታ በፊት ወገብና ትከሻን ለጥቂት ደቂቃ ማፍታታት፣ ሲቻልም ከአገር ቤት እኅት ጋር በኢሞ እየተያዩ አብሮ መሥራት፣ ለሰውነትም ለብቸኝነትም ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

ለአገር ቤቱ ግን ከቤተሰብ ምክር ያለፈ ነገር ማድረግ ይቻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድና ስለ ንጽሕና ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ቡናም ይቀርብላቸዋል። ወደ ስኳርና ደም ግፊት ታማሚ ቤት ሲገቡ «ተንቀሳቀሱ» ብለው ብቻ ከሚወጡ፣ በዚያው ቡና ላይ ወንበር አስቀርበው አነሣሡን ቢያሳዩ፣ የትኛዋ ጎረቤት አብራ እንደምትሠራና በስንት ሰዓት እንደሚሆን ጠይቀው በመዝገባቸው ላይ ቢያሰፍሩ፣ በሚቀጥለው ጉብኝታቸውም ሁለቱን አንድ ላይ ቢጠይቁ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ወንበር አይበልጥም፤ ወንበር ደግሞ በየቤቱ አለ።