ሁሉም መካኒክ፣ ጠያቂ የለም!

ኧረ ወላሂ በዛ! ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ባጃጄ ሐረጎ ዳገት ላይ ተንተፋትፎ ቀጥ አለ። ለሹፌር ጓደኞቼ በስልክ ድምፅ ቀርጬ ላክሁ። ከዚያማ የፍርድ መዓት ዘነበ።

«ኮይሉ ነው፣ ቀይር!» አለ አንዱ። «ካርቡራተሩን አውርደው» አለ ሌላው (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ማለቱ ነው)። ሦስተኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አብሽር፣ ሞተሩ ይፈታ!» ጎማ ሥር ድንጋይ ወሽቄ፣ ሲኖትራክ በጎኔ እያለፈ፣ ሞተር ልፍታልህ?

ቆይ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ብልጭታ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ? ቤንዚን ይደርሳል ወይ የሚልስ? የእሱ ባጃጅ አምና የታመመውን የእኔው ዘንድሮ የግድ መታመም አለበት! መለዋወጫውስ በነጻ ነው እንዴ? ያሉኝን ሁሉ ብገዛ ሁለተኛ ባጃጅ ገጣጥሜ ነበር።

ካንዴላውን ስፈታው ጫፉ ጥቀርሻ ለብሷል። የአየር ማጣሪያውን ስከፍት የኮምቦልቻ አቧራ ግጥም ብሎ ሞልቶታል። ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ሽቅብ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ማጣሪያው ሲታፈን ደግሞ ባሰ፤ የተረፈው ቤንዚን ካንዴላውን አጠቆረው። ካንዴላውን ቦረሽኩ፣ ማጣሪያውን አራገፍኩ። ተነሳ። (ሞተር ሳይፈታ፣ ልብ በሉ!)

«ተነሳ» ብዬ ላክሁላቸው።

«ብዬህ ነበር!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። ማነው ያለኝ? የትኛው ነው ያለኝ?